የክለቡ ኮምፔርሳቶ ለምን አበጠ?

አንድ አንባቢ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ፎቶ ልኮልኛል። ምሽት ክለብ ሊከፍት ነው። ግድግዳውን በስድሳዎቹ ስልት ኮምፔርሳቶ (ከስስ የእንጨት ንጣፎች ተጣብቆ የሚሠራ ጣውላ) አልብሶት፣ ሐምሌ ሳያልቅ ከታች አብጦ ሻገተበት። "ላስቀባው ወይስ ላስቀይረው?" ይላል። ድምፅ ለማፈን ስፖንጅ ሊጠቀጥቅ፣ የአሜሪካ መኪና ፖስተርም ሊሰቅል አስቧል።

ወንድሜ፣ አታስቀባው። ንቀለው።

ፎቶው ላይ እንደሚታየው አናጺው በኮላ ልስኑ ላይ ለጥፎታል። ፊቱ ቫርኒሽ አለው፣ ጀርባው ግን ባዶ ነው፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ እርጥበቱ በጀርባ ይገባና በፊት መውጫ ሲያጣ ጣውላው ያብጣል፣ ይጎብጣል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልግ። አሸንዳውን እይ። ከዚያ የላስቲክ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን አሽገህ አንድ ቀን ተወው። ጠብታው ከላስቲኩ ስር ከሆነ ግድግዳው ራሱ ረጥቧል፣ ከላይ ከሆነ ግን ችግሩ የክፍሉ አየር ነው።

ግድግዳው ሲደርቅ ሞራሌ (ቀጭን የእንጨት ዘንግ) ከታች ወደ ላይ አቁመህ በየ60 ሴንቲ ምታ። ኮምፔርሳቶው በሞራሌው ላይ በብሎን ይታሰር፣ ኮላ አያስፈልገውም። ከወለሉ 2 ሴንቲ ይነሳ፣ ከላይም ያንኑ ያህል ክፍት ተው፣ አየር ከኋላ ይውጣ ይግባ። ዞኮሎ (ከግድግዳው ግርጌ የሚመታ ጠባብ ጣውላ) ካደረግህ ቀዳዳ ይኑረው። በጣውላና በጣውላ መሃል 3 ሚሊ ተው። ቫርኒሹ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን ሁሉ ይንካ፤ ጠርዙን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ውሃ ግን በዋናነት የሚገባው በዚያ ነው። ከኋላው ክፍተት ያለው ስስ ጣውላ የሙዚቃውን ባስ፣ ማለትም የወፍራሙን ድምፅ ጉልበትም በመጠኑ ይውጣል።

ድምፅ ለማፈን ስፖንጅ እጠቀጥቃለሁ ያልከውን ግን እባክህ ተወው። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ የመድረክ ርችት የክለብ ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል። እሳት የማይዘው ሮክዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ምንጣፍ) ጣሪያው ላይ አድርግ።

መብራቱ ከ2200 እስከ 2700 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ይሁን። ነጭ አምፖል እንጨቱን አመድ ያስመስለዋል።

የአሜሪካ መኪና ፖስተሮችህንም ባትሰቅል ደስ ይለኛል። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው! የእኛ ስድሳዎቹ የራሳቸው መልክ አላቸው፤ ቀይ ከፋይ መጋረጃ፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ የጅማ በርጩማ። በርጩማውን ከኛው ጠራቢዎች እዘዝ።

አዲሱን ኮምፔርሳቶ እንደገዛህ ወዲያው አትግጠመው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል አሳድረው፣ አየሩን ይልመድ።