«ሰረቀኝ» ሲሏችሁ

ልጆቼ፣ በተለይ ሕግ ተምራችሁ ሥራ የጀመራችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጥብቅና ሥራ ላይ ጸጉሬ ሸብቷል። ባለጉዳይ ሁሉ ቢሮ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የሚላት አንዲት ቃል አለች፦ «ሰረቀኝ!»

ሰው እንዲህ ቢል እውነቱን ነው። ዕቃው ሄዶበታል። በአማርኛችን ያበደርነውን የካደም፣ ኪሳችን የገባም፣ ቢላ ያወጣብንም ሁሉም ሌባ ነው። እናንተ ግን ያቺን ቃል እንዳለች ወረቀት ላይ እንዳታወርዷት።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ጓደኛው የስፌት መኪናውን ወስዶ ሸጦበታል። ሰውየው እንባ እየተናነቀው ስለነበር እኔም አብሬው ተናድጄ፣ ብዙም ሳልጠይቅ «ሰርቆ ሸጠ» ብዬ አቤቱታውን ጻፍኩለት። መርማሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ «በር ሰብሮ ነው የገባው?» «ኧረ አይደለም፣ ለአንድ ወር ይሥራበት ብዬ እኔው ራሴ በጋሪ ላኩለት» አለ። በቃ፣ የጻፍኩት ሁሉ ፈረሰ። በአደራ የሰጡትን ዕቃ የራስ አድርጎ መሸጥ እምነት ማጉደል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675። ስርቆት፣ አንቀጽ 665፣ የሌላ ሰው የሆነን ዕቃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከእጁ ማውጣትን ይፈልጋል። መዝገቡ እስኪስተካከል ያ ሰው ሦስት ወር ያለ መኪና ቁጭ አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ማን ወሰደው?» ሳይሆን «ዕቃው ከእጅህ እንዴት ወጣ?» ይሁን። ራሱ ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ተዋሽቶ ነው ወይስ አምኖ? ተዋሽቶ ከሆነ ማታለል ወደሚባለው ትሄዳላችሁ፣ እሱ ሌላ መንገድ ነው።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን «ዘረፈኝ» የሚለውን ነው። ሰዉ ይህን ቃል ለሁሉም ነገር ይጠቀምበታል፣ ሕጉ ግን ውንብድና ለማለት በሰው ላይ ኃይል ወይም ከባድ ማስፈራራት መኖሩን ይጠይቃል። ተራ ስርቆት ቢከብድ ቢከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ውንብድና (አንቀጽ 670) ከ1 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ስልክ ነጥቆ ሲሮጥ ተይዞ፣ ተበዳይዋ ጣቢያ «ዘረፈኝ» ብላ ስለነበር በውንብድና ተከሰሰ። እናቱ ችሎት ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ተበዳይዋን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት፦ «እህቴ፣ ገፍቶሻል?» «አልገፋኝም።» «አስፈራርቶሻል?» ትንሽ አሰበች። «ኧረ ቃልም አልተነፈሰ፣ ከጆሮዬ ላይ ላጥ አድርጎት ሮጠ» አለች። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና ብዕራቸውን አነሱ።