ከዓመታት በኋላ ወደ ሳይክል ስትመለሱ፦ ስለ ሃይብሪድ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ከብዙ ዓመት በኋላ የምትመለሱ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጠየቃችሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ ሃይብሪድ የሚባለው የቱ ነው? ሱቅ ስሄድ ሁሉንም «ማውንቴን» ነው የሚሉኝ።

በኮርሳና በማውንቴን መካከል ያለው ነው። መሪው ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ታች አያጎነብስህም። ጎማው እንደ ኮርሳ ትልቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ «700» ተብሎ ይጻፍበታል። ስፋቱ ግን ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ኮብልስቶንም ይችላል። የማውንቴን ጎማ ከ50 ሚሊሜትር ያልፋል፣ ጥርሱም ትልልቅ ነው። ጭቃ ላይ ጥሩ ነው፣ አስፋልት ላይ ግን ጉልበትህን ይበላል። ሥራ ለመመላለስና ቅዳሜና እሑድ ለመንሸራሸር ከሆነ ሃይብሪዱን ያዝ።

ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው። 15 ዓመት አልነዳሁም። ሻጩ «21 ማርሽ አለው፣ ዳገት አያስቸግርህም» አለኝ። ልመነው?

ቁጥሩን ተወው። 21 የሚባለው ፊት ፔዳሉ ጋ ያሉት 3 ባለጥርስ ክቦች ኋላ ጎማው ጋ ካሉት 7 ጋር ተባዝተው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ዳገት የሚያወጣህ አንዱ ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ ማርሽ። ሱቅ ውስጥ ቁጭ በልና ራስህ ቁጠር። ፊት ካሉት የትንሿን ጥርሶች፣ ኋላ ካሉት የትልቁን ጥርሶች። ፊት 28፣ ኋላ 34 ከሆነ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር 1 ሜትር ከ80 ገደማ ትሄዳለህ። ፊት 38፣ ኋላ 28 ከሆነ ግን በአንድ ዙር ወደ 3 ሜትር መግፋት አለብህ። ሜዳ ላይ ሁለቱም ያው ይመስላሉ። ወደ እንጦጦ ስትዞር ግን አንደኛው ያወጣሃል፣ ሌላኛው ወርደህ ያስገፋሃል።

ይህን የማስረዝመው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ከረጅም እረፍት የተመለሰ ሰው እግሩ ሳይደክም ትንፋሹ ያጥረዋል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሳይክሉን በረንዳ ላይ አቁሞ የሚተወው ሰንፎ አይደለም። ማርሹ ስለከበደው ነው። ላንተ ሰፈር ፊት ከ28 የማይበልጥ፣ ኋላ ከ32 የማያንስ ፈልግ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልህም ነበር።

የፊት ሞላ ያለው ይሻላል?

አይ። ርካሽ ሳይክል ላይ የሚገጠመው ሞላ ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ቆመህ ስትገፋም ጉልበትህን ወደ ታች ይውጠዋል። ለኮብልስቶን ሰፋ ያለ ጎማና ልክ የሆነ ንፋስ ይበቃል።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፣ ቀሚስም እለብሳለሁ። በዚያ ላይ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል።

እህቴ፣ መሃሉ ዝቅ ያለውን ፍሬም ውሰጂ። እግርሽን ሳታነሺ ትወጫለሽ፣ መብራት ላይ ስትቆሚም አትጨነቂም። የወንድ የሴት የሚለውን እርሺው፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ወንዶችም እሱን ቢገዙ ደስ ይለኛል። ቀሚስሽ እንዳይያዝ የካቴና መሸፈኛ ያለው ይሁን።

ጉልበትሽን በተመለከተ መጀመሪያ መቀመጫውን እይ። አብዛኛው ሰው በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው። ግድግዳ ተደግፈሽ ውጪና ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ልክ ነው። ስትነጂ ግን በውስጥ እግርሽ የፊተኛው ክፍል ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ከዚያ በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ አዙሪ፣ በከባድ ማርሽ አትግፊ። ይህን አድርገሽም ሕመሙ ካልተወሽ ሐኪም ይይሽ።

ዲስክ ፍሬን ወይስ የድሮው?

በክረምት ብዙ የምትነዳ ከሆነ ዲስክ። ቸርኬው ቢረጥብም ይይዛል። በሽቦ የሚሠራው ይሻልሃል፣ ምክንያቱም ሽቦ የትም ታገኛለህ። በዘይት የሚሠራው ሲይዝ ደስ ይላል፣ ግን አየር ከገባበት የሚያስወጣልህ ባለሙያ ያስፈልግሃል። የድሮው ቸርኬውን የሚይዘው ፍሬንም ቢሆን የፍሬኑ ጎማዎች አዲስ ከሆኑ በደንብ ያቆማል።

ያገለገለ ልግዛ ወይ? በደላላ አንድ አግኝቻለሁ።

ግዛ፣ ግን ቀለም አይሸውድህ። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ቀለም የተቀባ ገዝቼ፣ ለካ ከሥር ተበይዶ ኖሯል። የአሉሚኒየም ፍሬም ተሰንጥቆ ከተበየደ አልቆለታል፣ ቢረክስም ተወው። ስለዚህ ገልብጠህ እይ። ቱቦዎቹ የሚገናኙበትን ሁሉ በጣትህ ዳብስ። ጎማውን አንስተህ አሽከርክር፣ ቸርኬው ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ማስተካከያ ይፈልጋል። የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ወዝውዝ፣ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ሄዷል። የፊት ፍሬን ይዘህ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፋ፣ መሪው ሥር ኳ ኳ ካለ እዚያም ችግር አለ። ካቴናውን ከፊት ጥርሱ ላይ ወደፊት ሳብ፤ ተነስቶ ጥርሱን ግማሽ ካሳየህ ያለቀ ነው። ካቴናና ኩሽኔታ ይለወጣሉ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀምበት። በመጨረሻ ከፔዳሉ መሃል ሥር ፍሬሙ ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልግ። ተፍቆ ከሆነ አትግዛ፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ነበር የምነዳው። ተመሳሳይ ነው?

ወንድሜ፣ አንተ ዕድለኛ ነህ። የማውንት ቨርነን የሳይክል መንገድ እዚያው ነው፣ የፖቶማክን ወንዝ ይዞ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ አብዛኛው መኪና የለበትም፣ ሜዳም ነው። ፊት አንድ፣ ኋላ 8 ማርሽ ያለው ይበቃሃል። በተረፈው ገንዘብ መብራትና ጥሩ ቁልፍ ግዛ። ቀጭን ሽቦ ቁልፍ በመቁረጫ በሰከንድ ይሄዳል፣ የዩ ቅርጽ ያለውን ብረት ውሰድ።

700 ጎማ ከገዛሁ ከመነዳሪ አገኛለሁ?

ከመግዛትህ በፊት ሰፈርህ ያሉትን ሱቆች ጠይቅ። የጎማው ጎን ላይ እንደ 37-622 ያለ ቁጥር ታገኛለህ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ። 622 ካለህ 559 አይገጥምህም፤ እሱ የ26 ነው። የንፋስ መሙያው ደግሞ እንደ መኪና ወፍራሙ ይሁን። ቀጭኑ ከሆነ ያለ ማገናኛ ጎሚስታ ጋ አይሞላልህም። ጎሚስታ ጋ ስታስሞላም ጎማው ላይ የተጻፈውን ልክ ንገረው፣ በመኪና ልማድ ቶሎ ሞልቶ ሊያፈነዳው ይችላል።

አዲሱን የኮሪደር የሳይክል መንገድ ልጠቀም? ፈራሁ።

ተጠቀሚበት። ከ2016 ወዲህ የተሠሩት ለተመላሽ ሰው ትልቅ ነገር ናቸው። ግን እግረኛ ይገባበታል፣ ስለዚህ ደወል ይኑርሽና ቀስ በይ። የመጀመሪያውን ቀን እሑድ ጠዋት በ12 ሰዓት አድርጊው፣ 20 ደቂቃ ብቻ። ሄልሜትሽን አስሪ።

ከሱቅ ሳወጣው ምን ልይ?

ከካርቶን ወጥቶ በችኮላ የተገጠመ ብዙ አይቻለሁ። የፊት ሹካው ተገልብጦ እንዳይሆን እይ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት ከሆነ ወደፊት መታየት አለበት። የግራው ፔዳል ብሎን ጥርሱ በተቃራኒ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። በግድ ከታሰረ ክንዱን ይበላዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማርሽና የፍሬን ሽቦዎቹ ይለጠጣሉ። ያኔ መልሰህ ውሰድና አስወጥራቸው፣ ዳዶዎቹንም ያጥብቅልህ።