ኤሌክትሪክ ለጎረቤት አገር ለመሸጥ ፈቃድ፦ ማመልከቻው ለማን ይገባል?

የተጠየቀው ይህ ነው፦ «50 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ አቅደናል። ኃይሉን ለኬንያ ወይም ለጅቡቲ በዶላር መሸጥ እንፈልጋለን። የኤክስፖርት ፈቃድ የምንጠይቀው ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

ቁርጡን ልንገራችሁ፦ ብቻችሁን የኤክስፖርት ፈቃድ አታገኙም። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ውጭ መላክንና ከውጭ ማስገባትን ከመንግሥት ጋር በጣምራ ብቻ ከሚሠሩ መስኮች ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ ሰው የኢነርጂ አዋጁን (810/2006) ብቻ ያነብና ይሳሳታል። አዋጁ የማመንጨት፣ የማስተላለፍ፣ የማከፋፈልና የመሸጥ፣ የማስገባትና የመላክ ፈቃዶችን ስለሚጠቅስ «የመላኪያውን እንጠይቅ» ተብሎ በቀጥታ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይኬዳል። ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሰጪ ነው፤ በመስኩ ማን መሰማራት እንደሚችል የሚወስነው ግን የኢንቨስትመንት ሕጉ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተነበቡ ወራት በከንቱ ያልፋሉ።

የሚቀሯችሁ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኃይሉን የመንግሥት አመንጪና አስተላላፊ ድርጅት ለሆነው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መሸጥ ነው። ወደ ውጭ የሚልከው እሱ ስለሆነ እናንተን በዋናነት የሚያስፈልጋችሁ የማመንጨት ፈቃድና የኃይል ግዥ ስምምነት ነው። ሁለተኛው መንግሥት ድርሻ የሚይዝበት የጋራ ኩባንያ አቋቁሞ የመላኪያውን ፈቃድ በእሱ ስም መጠየቅ ነው። ለ50 ሜጋ ዋት ሁለተኛውን አልመክርም። ድርድሩና የሕግ ወጪው ለ500 ሜጋ ዋት ከሚወጣው ብዙም አያንስም፤ ትርፉ ግን አሥር እጅ ያንሳል።

የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ በመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ (1076/2010) በኩል ነው የምታልፉት። ዋናው መንገድ ጨረታ ነው። በራስ ተነሳሽነት የሚቀርብ ሐሳብም በር አልተዘጋበትም፤ ነገር ግን «ቦታውን እኛ አገኘነው» ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም።

አሁን ፋይሎች ተቀባይነት አጥተው ወደሚመለሱበት ቦታ እንምጣ፤ የግሪድ ጥናቱ ማለቴ ነው፣ ማለትም ማመንጫው ከአገሪቱ የኃይል መረብ (ግሪድ) ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን የሚያሳየው ጥናት። ቢያንስ የኃይል ፍሰት፣ የአጭር ዙር (ሾርት ሰርኪት) እና የሲስተም መረጋጋት ጥናት ይፈለጋል። የተለመደው ጉድለት በመረጋጋት ጥናቱ ውስጥ ከሶፍትዌሩ የተወሰደ አጠቃላይ የተርባይን የኮምፒውተር ሞዴል መጠቀም ነው። የግሪዱ ኦፕሬተር የሚፈልገው የምትገዙትን የዚያኑ ተርባይን የኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ አምራቹም ተርባይኑን ካልመረጣችሁ አይሰጣችሁም። ስለዚህ የተርባይን ምርጫው ከጥናቱ ይቀድማል። በመስመር ላይ አጭር ዙር ደርሶ ቮልቴጁ ለቅጽበት ሲወርድ ማመንጫው ሳይቋረጥ መቆየቱንም በዚሁ ሞዴል ማሳየት ይኖርባችኋል።

«የኬንያ መስመር ባዶ ነው፣ ቦታ አለው» የሚለውን ክርክር በማመልከቻችሁ ውስጥ አታስገቡት። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ሱስዋ የተዘረጋው 500 ኪሎ ቮልት የቀጥታ ጅረት (ዲሲ) መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ነው የተሠራው፤ የተፈረመው ሽያጭ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200፣ ከዚያ ለ22 ዓመታት 400 ሜጋ ዋት ነው። ልዩነቱ ያጓጓል። ነገር ግን የኬንያ ከፍተኛ ፍላጎት ራሱ 2,400 ሜጋ ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ መስመሩ ሞልቶ እየላከ ድንገት ቢቋረጥ አገሪቱ በጨለማ ትዋጣለች። የመስመሩን አጠቃቀም የሚወስነው የሽቦው አቅም ሳይሆን ተቀባዩ ሲስተም በአንድ ጊዜ ቢያጣው የሚችለው መጠን ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው 230 ኪሎ ቮልት መስመር የቀጥታ ጅረት ስላልሆነ ሁለቱን ሲስተሞች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያስራል፤ እዚያ የነፋሳችሁ መዋዠቅ በቀላሉ ተሻግሮ ይሰማል። ታንዛኒያን ያሰበ ደግሞ በኬንያ በኩል ማለፍ ስላለበት የማሳለፊያ ስምምነትና ክፍያ ይጨመርበታል።

ነፋስ በሰዓት በሰዓት ይለዋወጣል፤ የውጭ ገዢ ደግሞ የተወሰነ መጠን በተወሰነ ሰዓት ይፈልጋል። ክፍተቱን የሚሞሉት ግድቦቹ ናቸው፣ ግድቦቹም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ንብረት ናቸው። ሕጉ ባይከለክላችሁ እንኳ ከእሱ ጋር መስማማት አይቀርላችሁም ነበር።

ዋጋን በተመለከተ፣ የኬንያው ውል በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም መሆኑን ሰምቶ ይህንኑ በቢዝነስ ፕላኑ የሚያሰፍር አለ። ያ ዋጋ የላኪው ነው። ከእናንተ የሚገዛበት ዋጋ የማስተላለፊያውን፣ የመጠባበቂያውንና የብክነቱን ወጪ ቀንሶ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የጋድና የዲቼቶ የፀሐይ ኃይል ጨረታ ያሸነፈው ዋጋ 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም እንደነበር አስታውሱ፤ ተደራዳሪዎቹ እሱን አይረሱትም።

ብክነቱን በቁጥር እንየው። 50 ሜጋ ዋት በ8,760 ሰዓትና በ35 በመቶ የምርት መጠን (ማመንጫው ከሙሉ አቅሙ በአማካይ በሚያመርተው) ሲባዛ በዓመት 153,300 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። ቆጣሪው እናንተ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ላይ ከተተከለ የሚከፈላችሁ ለዚህ ሁሉ ነው። ድንበር ላይ ወይም ሩቅ ጣቢያ ላይ ከሆነና በመንገድ 5 በመቶ ቢባክን 7,665 ሜጋ ዋት ሰዓት ሳይከፈልበት ይቀራል፤ ለምሳሌ በላኪው ዋጋ በ6.5 ሳንቲም ቢሰላ ወደ 498,000 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ። የመለኪያ ነጥቡን በስምምነቱ ዋና ክፍል ውስጥ አስጽፉት፤ ለአባሪ ከተተወ በኋላ ላይ «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ተብሎ ይቀየራል። ዋና ቆጣሪና ማመሳከሪያ ቆጣሪ ይኑር፣ ሁለቱም 0.2 ኤስ ክላስ (የመለኪያ ትክክለኛነት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ስህተቱ ያንሳል)፣ የመስመሩን ጅረት ለቆጣሪው አሳንሰው የሚያቀርቡት የከረንት ትራንስፎርመሮችም እንዲሁ። ቆጣሪው 0.2 ሆኖ ትራንስፎርመሩ 0.5 ከሆነ የቆጣሪው ጥራት ምንም አይጠቅምም። ሰዓታቸው በሳተላይት የተስተካከለ ይሁን፤ የ10 ደቂቃ መዛነፍ የሰዓት በሰዓት ሂሳቡን ያፋልሳል፣ ያልተመጣጠነ አቅርቦት ተብሎም ቅጣት ያመጣል።

ከስምምነቱ አንቀጾች ውስጥ የምትከራከሩበት አንድ ብቻ ቢሆን ኃይል ስለ መቀነስ የሚናገረው ይሁን። አገር ውስጥ እጥረት ሲኖር ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ማመንጫችሁ «ቀንስ» ይባላል። ማምረት እየቻላችሁ ላላመረታችሁት ኃይል ክፍያ አለ ወይስ የለም? በዓመት ስንት ሰዓት ድረስ በነፃ ይታለፋል? ባንክ ብድሩን ከማጽደቁ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ክፍያው በዶላር ነው ወይስ በዶላር ተሰልቶ በብር የሚለው ይመጣል፤ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይጻፍ፣ ግልባጩ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ቢያንስ የ12 ወር የነፋስ ልኬት ማጠቃለያ፣ የቅርቡ ሰብስቴሽን ስምና ርቀት፣ የታሰበው ቮልቴጅ። «ኤክስፖርት» የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አታድርጉት፤ ጉዳዩን ከማመንጫ ፕሮጀክት አውጥቶ የዲፕሎማሲ ያደርገዋል። ከግሪዱ ጋር የምትገናኙበት ነጥብ በጽሑፍ ሳይረጋገጥላችሁ ለመሬትም ሆነ ለአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ገንዘብ አታውጡ።