ነፋስ የቀረጻቸው ቤቶች፦ ጥያቄና መልስ

አናጺው፦ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ሲ ራንች ቤቶች ጠይቁኝ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ በሶኖማ ባሕር ዳርቻ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሰፈር ነው። እኔ እዚያ ጥገና እሠራለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ፕላን ከማሳላችሁ በፊት ቦታውን ክረምት ከበጋ እዩት።

ማርታ፦ ጋሼ፣ ጣሪያቸው ለምን ክፈክፍ የለውም? ዝናቡ ግድግዳውን አይመታውም?

አናጺው፦ ጎሽ! እኛ ያደግነው በጭቃ ቤት ነው። ክፈክፍ ከሌለ ምርጉ ታጥቦ ይሄዳል። እዚያ ግን ግድግዳው ሬድዉድ የሚባል እንጨት ነው፤ ዝናብ ይችላል። የሚያስፈራው ነፋሱ ነው። ክፈክፍ ካገኘ ከሥሩ ገብቶ ጣሪያ ይገነጥላል። መሬቱ ድሮ የበግ እርባታ ነበር፤ ለነፋስ መከላከያ የፈረንጅ ጥድ በረድፍ ተተክሎበታል። ነፋሱ የዛፎቹን አናት ሰያፍ አድርጎ ከርክሞታል። ከአርክቴክቶቹ አንዱ ጆሴፍ ኤሸሪክ የነደፋቸውን ቤቶች እዚያ ረድፍ ጥግ ሸጎጣቸው። ጣሪያቸውንም በዛፎቹ አምሳል አዘቀዘቀው፤ ዝቅ ያለው ወገን ወደ ነፋሱ፣ ከፍ ያለው ወደ ከለላው። በከለላው በኩል ቆሜ ክብሪት ጭሬ አይቻለሁ። አልጠፋም።

ቢኒ፦ ዋጋውስ?

አናጺው፦ እንደ መሬቱ ነው። ሌላ ጥያቄ።

ዮናታን፦ ባሕር ዳር ቤት እንዴት ይሠራል?

አናጺው፦ የቱ ባሕር? አለት ነው አሸዋ? ነፋሱ ከየት ይመጣል? እንዲህ በደፈናው ተጠይቆ አይመለስም። ቦታውን ክረምት ከበጋ እየው ብያለሁ።

ከበደ፦ የኛ ጎጆ ክብ ስለሆነ ነፋሱን በዙሪያው ያሳልፋል። ለምን እሱን አይሠሩም?

ሠናይት፦ ቤት እንደ ቦታው ነው። ምጽዋ ሄደህ ታውቃለህ? እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩት የድሮ ቤቶች ነፋስ ይለምናሉ እንጂ አይሸሹም።

ከበደ፦ ዛሬ ኮንክሪት አለ፤ ሁሉንም ይችላል።

አናጺው፦ አይችልም። ጨው ሰርጎ ውስጡ ያለውን ፌሮ ይበላዋል። ሠናይት ልክ ናት።

ሚኪ፦ ሚስማሩስ ምን ዓይነት ይሁን?

አናጺው፦ ስቴንለስ፣ ማለትም የማይዝግ ብረት፣ ያውም 316 የሚባለው ዓይነት። ተራ ሚስማር ከሬድዉዱ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይፈሳል። ባለፈው ያደስኩት ግድግዳ ላይ ከእያንዳንዱ ሚስማር ሥር አንድ አንድ ስንዝር ጥቁር መስመር ወርዶ ነበር። እንጨቱ ደህና ነው፤ የሞተው ሚስማሩ ነው። ሙሉ ግድግዳ ነቀልን። ባለቤቱ የቆጠበው የሚስማር ዋጋ ነበር!

ዮናታን፦ ትንሽ ክፈክፍ ብጨምርስ?

አናጺው፦ ለማርታ የመለስኩትን አንብብ።

ቢኒ፦ ገደሉ አፋፍ ላይ ቢሠራ እይታው አያምርም?

አናጺው፦ ያምራል። ግን ገደሉ በየዓመቱ ይናዳል። ወደኋላ ራቅ በል። መጀመሪያ ደግሞ ክረምት ከበጋ እየው።