መልስ፦ ለብስክሌትና ለድንኳን የሚሆን ጫካ

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳትርቅ በብስክሌት ሄደህ የምታድርበት ጫካ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን መናገሻ ሱባን ነው የምመርጠው። በሰበታ በኩል ትገባለህ። ወጨጫ ተራራ ላይ ስለሆነ ዳገቱ ቀልድ አይደለም፤ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ይዘህ እንዳትሞክረው። ቁልቁለቱ ይባስ፣ እርጥብ ቅጠልና የዛፍ ሥር ያንሸራትታል፤ ፍሬንህን ቀድመህ አስፈትሽ። ትርፍ ካላማዳሪም ያዝ (እኔ ሳልይዝ ሄጄ እየገፋሁ ተመልሻለሁ)።

ግን ጥዶቹን ቆም ብለህ እያቸው! ችግኙ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ከሚባለው ጫካ መጥቶ የተተከለ ነው ይባላል። ጉሬዛም አታጣም።

ድንኳን ከመትከልህ በፊት በሩ ላይ አስፈቅድ። ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቅ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባልና ጋቢ አትርሳ።