«ዛሬ ተረጋግጧል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዙሪያ በድረ ገጽ ሥራ የተሰማራችሁ፣ እኔ በአሜሪካ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት የሱፐርማርኬት ኩፖኖችን፣ ማለትም ዋጋ የሚያስቀንሱ ወረቀቶችን፣ ሰብስቦ ለሸማቾች በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ነው። በዚህ ሥራ የሚከብደው ኩፖኑን ፈልጎ ማግኘቱ ሳይሆን ትናንት የለጠፋችሁት ዛሬም እውነት መሆኑን ማወቁ ነው።

ኩፖን ስትመዘግቡ በመጀመሪያ ከአምራቹ የወጣ ነው ወይስ ከሱቁ የሚለውን ለዩ። የአምራቹን ኩፖን የተቀበለ ሱቅ የቀነሰውን ዋጋ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለድካሙ 8 ሳንቲም ጨምሮ፣ ከአምራቹ ያስመልሳል፤ ጊዜው ያለፈበትን ወይም በተሳሳተ መጠን ላይ የዋለውን ከተቀበለ ግን ኪሳራው በራሱ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ ካሸሩ «አይሆንም» ሲል ክፋት አድርጋችሁ አትቁጠሩበት። ስለዚህ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን፣ «ለአነስተኛ የሙከራ መጠን አያገለግልም» ወይም «በአንድ ግዢ ከ4 አይበልጥም» የሚለውን ሁሉ፣ ሳታሳጥሩ ገልብጡት።

ውድ ዕቃ በነጻ የሚያሰጥ ኩፖን በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ሲደርሳችሁም ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ሳታገኙት አትለጥፉት። እ.ኤ.አ. በ2021 በቨርጂኒያ ቢች የምትኖር አንዲት ሴት ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ባስከተለ የሐሰተኛ ኩፖን ወንጀል 12 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ለዓይን ከእውነተኛው አይለይም።

እኔን ያስተማረኝ ግን አጭበርባሪ ሳይሆን የራሴ ስንፍና ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ፣ ምንጮቹን ሳልከፍት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቅናሾችን ቀን በአንድ ጠቅታ ወደ «ዛሬ ተረጋግጧል» አዛወርኩት። ከመካከላቸው አንዱ ቅዳሜ ማታ ያበቃ የአንድ ሱቅ ሳምንታዊ የዳይፐር ቅናሽ ነበር። አንዲት እናት ቀኑን አምና ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሄደች፤ ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ ሳለ ዕቃውን አስመልሳ ባዶ እጇን መውጣቷን ጻፈችልን። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አልመለሰችልኝም፣ አልፈርድባትምም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቀኖች ለየናቸው፤ አንደኛው ጽሑፉ የተነካበት፣ ሁለተኛው ሰው ምንጩን ከፍቶ በዓይኑ ያየበት ሲሆን፣ አንባቢ እንዲያየው የፈቀድነው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ያበቃውንም በፍለጋ የሚመጣ ሰው እንዳይደናገር ከመሰረዝ ይልቅ «አብቅቷል» ብለን ወደ ታች አወረድነው። በየጠቅታው ኮሚሽን የሚያስገኝን ቅናሽ ማውረድ ሲሆን እጅ መዘግየቱ አይቀርምና፣ እነዚያን ኮሚሽኑን የማያውቅ ባልደረባ እንዲፈትሻቸው አደረግን። ሰዓቱንም ማስላት ነበረብን፤ እኩለ ሌሊት ላይ በኒው ዮርክ ያበቃ ቅናሽ በካሊፎርኒያ ገና 3 ሰዓት ይቀረዋልና፣ የምሽቱ ተረኛ ወደ ቤቱ የሚሄደው የካሊፎርኒያውም ካበቃ በኋላ ነበር።