ጨረቃ ላይ የሚሠራ ጉጠት ለምን ውኃ ውስጥ ይሞከራል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጠፈርተኞች ከጨረቃ ላይ ድንጋይ የሚያነሡበትን ጉጠት ሲሠራ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲጨርሱ ናሳ ሂዩስተን ባለው ገንዳ ውስጥ ይሞከርላቸዋል አለኝ። ለአንድ ጉጠት ይህን ያህል ጊዜ ለምን አስፈለገ? ውኃ ውስጥ መሞከሩስ ምን ይጠቅማል?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ጊዜ የሚፈጀው ጉጠቱ ሳይሆን ጉጠቱን የሚይዘው እጅ ነው። የጠፈር ልብስ በውስጡ አየር ስለሚሞላና ውጭው ባዶ ስለሆነ ጓንቱ እንደ ተነፋ ኳስ ይወጠራል፤ ጠፈርተኛው ጣቱን ባጠፈ ቁጥር ከዚያ ውጥረት ጋር ስለሚታገል ክንዱ ቶሎ ይዝላል። ልብሱ ወገብን እንደ ልብ ስለማያሳጥፍ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣትም ከባድ ነው። በአፖሎ ጉዞዎች ጨረቃ ላይ የወረዱት ጠፈርተኞች ጉጠት ረዥም እጀታ የነበረው ለዚህ ነው፤ አሠራሩም እኛ ከምናውቀው የተገለበጠ ነበር፤ እጀታውን ሲጨብጡት አፉ ይከፈታል፣ ሲለቁት ደግሞ ሞላው (ስፕሪንጉ) ራሱ ድንጋዩን ጨምቆ ይይዛል። እጅ የሚደክመው ለመክፈት ብቻ እንጂ ይዞ ለመቆየት አይደለም። እንዲህ ያለች ሐሳብ ላይ ለመድረስ ስንት ጉጠት ተሠርቶ እንደሚጣል መገመት አያዳግትም።

ወደ ገንዳው ስንመጣ፣ 62 ሜትር ርዝመት፣ 31 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ጥልቀት አለው። ውኃ አካልን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ጠላቂው የሚታጠቀው ክብደት በልክ ከተመጠነ የምድርን አንድ ስድስተኛ የሚያህለውን የጨረቃን ስበት መምሰል ይቻላል፤ 78 ኪሎ የሚመዝን ሰው 13 ኪሎ ያህል ብቻ ሆኖ ወለሉን ይረግጣል። በዚህ ቅለት ላይ መሬት ለመቆፈር ቢሞክር መሣሪያው እንደመግባት ሰውየውን መልሶ ይገፋዋል። ይህን ችግር ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ማየት አይቻልም።

ውኃ የማያሳየው ግን አንድ ክፉ ነገር አለ፤ እርሱም አቧራ ነው። የጨረቃ አቧራ ነፋስና ወንዝ ስላላለሰለሱት እንደ ተፈጨ ብርጭቆ ስለታም ነው፤ ማጠፊያ ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ይበላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 የአፖሎ 17 አዛዥ ዩጂን ሰርናን በመዶሻው የጨረቃ መኪናውን ፓራፋንጎ ሳያስበው ገንጥሎት፣ መኪናው ሲሄድ አቧራው በላያቸው ላይ ይዘንብ ጀመር። በማግሥቱ አራት ካርታዎችን በፕላስተር አጣብቀው በማያያዣ ቆንጥጠው ምትክ ሠሩለት። በፍሎሪዳ በሚካሄደው የናሳ ሉናቦቲክስ ውድድር የተማሪዎች ሮቦቶች ከውኃ ይልቅ የጨረቃን አፈር በሚመስል ዱቄት ውስጥ እንዲቆፍሩ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ፈተናዎች የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ልጅዎ በሙከራው ቀን ውኃው ውስጥ አይገባም። መሣሪያውን የሚይዘው ባለሙያ ጠላቂ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጠው በድምፅ ይመሩታል። ስለዚህ የጉጠቱ አጠቃቀም ላልሠራው ሰውም ግልጽ መሆን አለበት። ልጅዎ ለዕረፍት ሲመጣ ወፍራም የክረምት ጓንት ያድርጉና ምንም ሳያስረዳዎት ጉጠቱን ራስዎ ይሞክሩት። የት ላይ እንደተቸገሩ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ጠላቂው የሚቸገረውም እዚያው ላይ ሊሆን ይችላል።